በአላስካ ደሴቶችና ተራሮች መካከል የትናንሽ መርከቦች ጉብኝትና የአስጎብኚው ኃላፊነት

በአሜሪካ የአላስካ ግዛት ደቡብ ምሥራቃዊ ጠረፍ 1 ሺህ 100 ያህል ደሴቶችን ያቀፈው የአሌክሳንደር ደሴቶች ስብስብ ይገኛል፡፡ ደሴቶቹ ከዋናው የብስ የተለዩት ጠባብና ጥልቅ በሆኑ የባህር ሰርጦች ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚያልፈውና ከውቅያኖሱ ማዕበል የተከለለው የመርከብ መስመር "የውስጥ መተላለፊያ" በሚል ስያሜ ይታወቃል፡፡ በሰርጦቹ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሱ ተራሮች ከውሃው ጠርዝ ቀጥ ብለው ይነሳሉ፡፡ ከእነሱ በስተጀርባም ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለያቸው ሰንሰለታማ ተራሮች ይታያሉ፡፡ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የፌርዌዘር ተራራ 4 ሺህ 671 ሜትር ከፍታ ስላለው የእኛን ራስ ደጀንን በጥቂቱ ይበልጣል፡፡ ይሁንና የተራራው ጫፍ ከውቅያኖሱ ዳርቻ ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ሰማዩ በጠራ ዕለት በመርከብ ላይ ለቆመ ተመልካች ቁመቱ ከባህር ወለል አንስቶ ይታየዋል፡፡

አካባቢው በአብዛኛው የመኪና መንገድ ያልገባበት ነው፡፡ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ጁኖ እንኳ ከሌላው የአሜሪካም ሆነ የካናዳ ክፍል ጋር የሚያገናኛት መንገድ ስለሌላት፣ ሰውም ሆነ ዕቃ ወደ ከተማዋ የሚገባው በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ነው፡፡ የጉብኝቱ ወቅት ከሚያዝያ ማብቂያ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጎብኝዎች ከ2 ሺህ በላይ መንገደኞችን በሚይዙ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ይጓዛሉ፡፡ ጥቂቶቹ ደግሞ ከ12 እስከ 100 የሚደርሱ እንግዶችን ብቻ በሚያሳፍሩ ትናንሽ መርከቦች ከደሴት ደሴት እየተዘዋወሩ ይጎበኛሉ፡፡

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ሁለተኛው የጉብኝት ዓይነት ነው፡፡ ይህ ጉብኝት ሰዎችን ወደ ዱር አራዊት፣ ወደሚናድ በረዶና ወደ ቀዝቃዛ ባህር እጅግ ያቀርባል፡፡ በመሆኑም የጎብኝውም ሆነ የሥፍራው ደህንነት የሚጠበቀው በሁለት ነገሮች ነው፡፡ አንደኛው አስቀድሞ በሕግ የተወሰነ ልክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን ልክ በቦታው ተገኝቶ የሚያስከብርና አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው "ዛሬ አይቻልም" ለማለት ሥልጣን ያለው አስጎብኚ ነው፡፡ አንዱ ያለ ሌላው የተሟላ ጥበቃ እንደማይሰጥ ባለፉት ዓመታት የደረሱት አደጋዎች በግልጽ አሳይተዋል፡፡

ትንሿ መርከብ ከግዙፏ በምን ትለያለች?

ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ እንግዶቹን የሚያወርደው ወደብ ባለበት ከተማ ነው፡፡ ከወደብ ውጭ ያለውን ምድር መንገደኛው የሚያየው ከመርከቡ ሰገነት ላይ ሆኖ ነው፡፡ ትንሿ መርከብ በአንጻሩ ጠባብ ወደሆኑ ሰላጤዎች ዘልቃ በመግባት መልህቋን ትጥላለች፡፡ ከዚያም እንግዶቿን በጎማ ጀልባዎችና በአነስተኛ የሞተር ጀልባዎች ወደ ዳርቻው ታደርሳለች፤ ወይም ካያክ በተሰኙት ቀላል የመቅዘፊያ ጀልባዎች ራሳቸው እየቀዘፉ እንዲጎበኙ ታደርጋለች፡፡ ወደብ፣ ሆቴልና የእግረኛ መንገድ በሌለበት ምድር መርከቧ ራሷ ማደሪያም፣ ምግብ ቤትም፣ ጣቢያም ሆና ታገለግላለች፡፡

በሁለቱ መካከል የሕግ ልዩነትም አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የአሜሪካ የመንገደኞች መርከብ ሕግ በሁለት የአሜሪካ ወደቦች መካከል መንገደኞችን የማጓጓዝ መብት የሰጠው በሀገሪቱ ለተሠሩና የሀገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ ለሚያውለበልቡ መርከቦች ነው፡፡ ግዙፎቹ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሌሎች ሀገራት የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ ከአሜሪካ ወደብ ተነስተው ወደዚያው በሚመለሱበት ጉዞ በካናዳ ወደብ ጎራ ማለት ይጠበቅባቸዋል፡፡ በአሜሪካ የተመዘገቡት ትናንሾቹ መርከቦች ግን ጉዞአቸውን በጁኖ፣ በሲትካ ወይም በኬቺካን ጀምረው በዚያው በአላስካ መጨረስ ይችላሉ፡፡

የመርከቦቹን ብቃት የሚቆጣጠረው የሀገሪቱ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል ነው፡፡ የምዝገባ መጠናቸው ከ100 ቶን በታች የሆኑና አዳር ይዘው ከ49 የማይበልጡ መንገደኞችን የሚያሳፍሩ መርከቦች በአንድ ምድብ፣ ከዚህ በላይ የሚያሳድሩት ደግሞ ጠበቅ ያለ የግንባታና የእሳት መከላከያ መሥፈርት ባለው ሌላ ምድብ ይተዳደራሉ፡፡ የመርከቧ አዛዥ በዚሁ ተቋም ተፈትኖ ፈቃድ ያገኘ መሆን አለበት፡፡ የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት ግልጽ ነው፡፡ ትንሿ መርከብ ብዙ ቀናት የምታሳልፈው ሐኪም፣ የእሳት አደጋ ብርጌድም ሆነ አምቡላንስ በቅርብ በማይገኝበት ሥፍራ ነው፡፡ ችግር በተፈጠረ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚሸፍኑት የመርከቧ ሠራተኞችና አስጎብኚዎቹ ብቻ ናቸው፡፡

የአስጎብኚው የዕለት ተዕለት ተግባር

የአስጎብኚው ሥራ የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነው፡፡ የጉዞው መሪና የመርከቧ አዛዥ የአየር ሁኔታ ትንበያውን፣ የባህር ካርታውንና የውሃውን የሙላትና የጉድለት ሰዓት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ዘርግተው የቀጣዩን ቀን ዕቅድ ያወጣሉ፡፡ ከዋናው ዕቅድ ጋር ሁልጊዜም ሁለተኛ አማራጭ ይዘጋጃል፡፡ ለእንግዶችም ማታውኑ ገለጻ የሚደረግላቸው ሲሆን፣ ዕቅዱ በማንኛውም ሰዓት ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይነገራቸዋል፡፡

በዚህ ጠረፍ የባህሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፡፡ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአንዳንድ ቀናት ከ6 ሜትር በላይ ይሆናል፡፡ ይህም የሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ማለት ነው፡፡ በመሆኑም ጠዋት ሰፊ ሆኖ የታየው የጠጠር ዳርቻ ከቀትር በኋላ ሙሉ በሙሉ በውሃ ሊዋጥ ይችላል፡፡ በተቃራኒውም በሙላት ጊዜ ከዳርቻው የታሰረች ጀልባ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከውሃው ርቃ በደረቅ ድንጋይ ላይ ትገኛለች፡፡ በጠባብ ሰርጦች ውስጥ ደግሞ ውሃው በሚሞላበትና በሚጎድልበት ሰዓት እንደ ወንዝ ስለሚፈስ፣ ካያክ የሚቀዝፉ እንግዶች የሚለቀቁት ፍሰቱ ጋብ በሚልበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው፡፡ ሠንጠረዡን በትክክል ያላነበበ አስጎብኚ እንግዶቹን ሊመልስ በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ያስገባቸዋል፡፡

በማግስቱ እንግዶች ከመርከቧ ከመውረዳቸው በፊት አስጎብኚዎቹ ቀድመው ወደ ዳርቻው ይሄዳሉ፡፡ ዓላማውም የማረፊያ ቦታውን ሁኔታና በአካባቢው ድብ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ እንግዶች የነፍስ አድን ጃኬት አጥልቀው በትናንሽ ቡድኖች ይጓጓዛሉ፡፡ ጃኬቱን የማጥለቁ ግዴታ ዋና የሚችለውንም ይጨምራል፡፡ ምክንያቱም የበረዶ ግግር በሚደርስባቸው ሰላጤዎች የውሃው ሙቀት በጉብኝቱ ወቅት ጭምር ለዜሮ የቀረበ ሊሆን ይችላል፡፡ አስጎብኚዎች ለእንግዶች የሚያስተምሩት ቀላል የስሌት ደንብ "አንድ፣ አሥር፣ አንድ" የሚባል ነው፡፡ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ሳይደነዝዝ ራሱን ለማዳን 10 ደቂቃ፣ ከቅዝቃዜው የተነሳ ራሱን እስከሚስት ድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ያህል ጊዜ አለው ማለት ነው፡፡ የነፍስ አድን ጃኬት ያላጠለቀ ሰው ግን የመጨረሻዋን ሰዓት ላይደርስባት ይችላል፡፡ ብዙዎች ሕይወታቸውን የሚያጡት ከቅዝቃዜው ብዛት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በድንጋጤ ውሃ በመሳባቸው ነው፡፡

በየብስ ላይ ዋነኛው ጉዳይ ድብ ነው፡፡ አድሚራልቲ፣ ባራኖፍና ቺቻጎፍ በተሰኙት ሦስት ታላላቅ ደሴቶች የሚኖረው ቡናማው ድብ ሲሆን፣ በአድሚራልቲ ብቻ 1 ሺህ 500 ያህል እንደሚገኙ ይገመታል፡፡ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ትሊንጊቶች ደሴቲቱን የሚጠሩበት ስም "የድቦች ምሽግ" የሚል ትርጉም አለው፡፡ አስጎብኚው በደን ውስጥ ሲጓዝ ድቡ በድንገት እንዳይደነግጥ ድምፁን ያሰማል፡፡ እንግዶቹን እርስ በርስ ተቀራርበው እንዲሄዱ ያደርጋል፡፡ ድብ ሲያጋጥም ማንም እንዳይሮጥ፣ ቡድኑም ባለበት ተሰብስቦ በዝግታ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ያዛል፡፡ ምግብ ይዞ መውረድም በጥብቅ ይከለከላል፡፡ የሰው ምግብ የለመደ ድብ አደገኛ ስለሚሆን በመጨረሻ የሚጠብቀው ዕጣ መገደል ነው፡፡ የአንድ ጎብኝ ግዴለሽነት ለድቡ የሞት ፍርድ ይሆናል፡፡

አስጎብኚው ጠባቂ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ነው፡፡ ሳልሞን የተባለው ዓሣ በውቅያኖስ ውስጥ አድጎ እንቁላሉን ለመጣል ወደተወለደበት ወንዝ ሲመለስ ድቦች እያጠመዱ ወደ ደን ይወስዱታል፡፡ የተረፈው የዓሣ ሥጋ በስብሶ አፈሩን የሚያዳብር በመሆኑ፣ ከባህር የመጣ ናይትሮጅን በወንዝ ዳር ዛፎች ግንድ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል፡፡ ይህን የሰማ ጎብኝ ዓሣውን፣ ድቡንና ደኑን ለያይቶ ማየቱን ያቆማል፡፡ ለወንዙ የሚደረገው ጥበቃ ለደኑም እንደሚሆን ይረዳል፡፡

ለዚህ ሁሉ የሚያበቃው ሥልጠና ቀላል አይደለም፡፡ በመስኩ የሚሠሩ አስጎብኚዎች ከሕክምና ተቋም ርቆ ለሚደርስ ጉዳት ዕርዳታ ለመስጠት የሚያስችለውን ከ70 እስከ 80 ሰዓት የሚወስድ ኮርስ መከታተል የተለመደ ነው፡፡ ጀልባ መንዳት፣ የሬዲዮ ግንኙነት፣ የባህር ካርታ ንባብና የሥነ ሕይወት ዕውቀትም ይፈለግባቸዋል፡፡

ልክ የተበጀለት ጉብኝት

ከአካባቢው የጉብኝት ሥፍራዎች በጥብቅ ደንብ በመተዳደር የሚታወቀው የግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ ነው፡፡ ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1925 በጥበቃ ሥር የዋለ ሲሆን፣ በ1980 ወደ ብሔራዊ ፓርክነት አድጓል፡፡ በ1992 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ሰፊ የአሜሪካና የካናዳ ጥብቅ ክልል ጋር ተካቷል፡፡ የቆዳ ስፋቱም 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው፡፡

ሰላጤው ራሱ የቅርብ ጊዜ ፍጥረት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1794 የእንግሊዛዊው ጆርጅ ቫንኩቨር የባህር ጉዞ ቡድን በሥፍራው ሲያልፍ የተመለከተው ከፊቱ እንደ ግንብ የቆመ በረዶ ነበር፡፡ በ1916 ግን የበረዶው ግንባር ከሰላጤው አፍ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አፈግፍጎ ነበር፡፡ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በረዶው እየገፋ በመጣበት ጊዜ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉት የሁና ትሊንጊት ማኅበረሰብ አባላት ናቸው፡፡ በ1879 ስኮትላንድ ተወላጁ የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆን ሙዬር ወደ ሰላጤው የገባው በትሊንጊቶች ታንኳ ሲሆን፣ የታንኳዋ አዛዥ ቶያቴ የተባለ የትሊንጊት አለቃ ነበር፡፡ በትንሽ ጀልባ እንግዳን ይዞ በእነዚህ ደሴቶች መካከል የማስጎብኘት ሥራ የተጀመረው በነባሩ ሕዝብ ነው ማለት ይቻላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ክልል ውስጥ የሁና ትሊንጊቶች የባህል ቤት ተሠርቶ በመከፈቱ፣ ዛሬ ጎብኝዎች የሥፍራውን ታሪክ ከባለቤቶቹ አንደበት ለመስማት ችለዋል፡፡

ፓርኩ በጉብኝቱ ከፍተኛ ወቅት፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት፣ በቀን የሚያስገባቸውን መርከቦች ቁጥር ወስኗል፡፡ በዚህም መሠረት በአንድ ቀን ሊገቡ የሚችሉት 2 ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች፣ 3 የአስጎብኚ መርከቦች፣ 6 የኪራይ ጀልባዎችና 25 የግል ጀልባዎች ናቸው፡፡ ዓሣ ነባሪዎች በሚበዙበት ክልል የፍጥነት ወሰኑ እስከ 13 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ድረስ ዝቅ ይደረጋል፡፡ ከባለ ጉብታው ዓሣ ነባሪ ሩብ የባህር ማይል፣ ማለትም 460 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው፡፡ ከፓርኩ ውጭ በአላስካ ባህር የተወሰነው ርቀት ደግሞ 91 ሜትር ነው፡፡

እነዚህ ቁጥሮች ያለ ምክንያት አልተቀመጡም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ1975 ጀምሮ በተመራማሪዎች ዘንድ የምትታወቅና "ስኖው" የሚል ስም የተሰጣት እርጉዝ ዓሣ ነባሪ በአንድ ግዙፍ መርከብ ተገጭታ በፓርኩ ውሃ ላይ ሞታ ተገኘች፡፡ የራስ ቅሏም ተሰብሮ ነበር፡፡ የመርከቡ ባለቤት ድርጅት በ2007 ጥፋተኛነቱን አምኖ ቅጣቱንና ለጥበቃ ሥራ የሚውለውን ክፍያ ጨምሮ 750 ሺህ ዶላር ከፍሏል፡፡ አጽሟም ከ2014 ጀምሮ በፓርኩ ዋና ጣቢያ ለሕዝብ እይታ ቆሟል፡፡ ጎብኝዎችን ተቀብለው ገለጻ የሚያደርጉ አስጎብኚዎች የፍጥነት ወሰኑን ትርጉም ለማስረዳት ከዚህ አጽም የተሻለ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም፡፡

አቆስጣ የተሰኙት የባህር እንስሳትም ልዩ ጥበቃ ይደረግላቸዋል፡፡ እናቶቹ የሚወልዱት ከበረዶ ግግሩ ተገንጥሎ በሚንሳፈፈው በረዶ ላይ በመሆኑ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ የተባለው ሰላጤ ከሜይ 1 እስከ ጁን 30 ለማንኛውም መርከብ ዝግ ነው፡፡ ጀልባ ሲቀርባቸው እናቶቹ በድንጋጤ ወደ ውሃ ስለሚዘልሉ ግልገሎቹ ከእናታቸው ይለያሉ፤ በቅዝቃዜውም ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ፡፡ ለጎብኝው የአንድ ደቂቃ ትዕይንት የሆነው ነገር ለግልገሉ የሕይወት ጉዳይ ነው፡፡

ከፓርኩ ውጭ ያለው ሰፊ ምድር የቶንጋስ ብሔራዊ ደን ሲሆን፣ 6 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ስፋት በመያዝ በአሜሪካ ከሚገኙት ብሔራዊ ደኖች ሁሉ ቀዳሚ ነው፡፡ በዚህ ደን ውስጥ እንግዳ ይዞ ለመውረድ አስጎብኚ ድርጅቱ ከሀገሪቱ የደን አገልግሎት ልዩ የአጠቃቀም ፈቃድ ማውጣት አለበት፡፡ በጥብቅ ክልሎቹ ውስጥ የአንድ ቡድን አባላት ቁጥር በአብዛኛው ከ12 እንዳይበልጥ ተወስኗል፡፡ በአድሚራልቲ ደሴት የሚገኘው የፓክ ክሪክ የድብ መመልከቻ ሥፍራ ደግሞ ከጁላይ 5 እስከ ኦገስት 25 በቀን 24 ሰዎችን ብቻ ያስተናግዳል፡፡ ድቦቹ በሥፍራው ለብዙ አስርት ዓመታት ሰውን ሳይፈሩም ሳይተናኮሉም ለመኖር የቻሉት የሚመጣው ሰው ጥቂት፣ ጠባዩም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው፡፡

የልክ ጉዳይ ወደ ከተሞችም ዘልቋል፡፡ 32 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ያሏት ጁኖ ከግዙፍ መርከቦች ኩባንያዎች ጋር ባደረገችው ስምምነት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በቀን የሚቆሙት ግዙፍ መርከቦች ከ5 እንዳይበልጡ ተደርጓል፡፡

ከአደጋዎች የተገኘ ትምህርት

ደንብ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን ሰውን አያድንም፡፡ ለዚህም ከአላስካ በስተደቡብ በሌላ የአሜሪካ ጠረፍ የደረሰው አደጋ አሳዛኝ ማስረጃ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2019 ከሌሊቱ በካሊፎርኒያ የሳንታ ክሩዝ ደሴት አጠገብ መልህቋን ጥላ ባደረች "ኮንሴፕሽን" በተባለች አነስተኛ የጠላቂ ጎብኝዎች መርከብ ላይ እሳት ተነስቶ 34 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፡፡ የሟቾቹ መኝታ ከመርከቧ ወለል በታች የነበረ ሲሆን፣ ነቅተው ሊያስጠነቅቋቸው የሚገባቸው ሠራተኞች ሁሉም ተኝተው ነበር፡፡ በመርከቧ ፈቃድ ላይ ሌሊቱን የሚዘዋወር ጠባቂ እንዲኖር የሚያስገድድ ግዴታ ቢሰፍርም፣ በተግባር የሚያስፈጽመው አልነበረም፡፡ የሀገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም የጥበቃው አለመኖር ለጉዳቱ መክፋት ምክንያት መሆኑን አረጋግጧል፡፡ በ2021 ማብቂያ ላይ በትናንሽ የመንገደኛ መርከቦች ላይ የእሳት ማስጠንቀቂያ መሣሪያን፣ የማምለጫ በሮችንና የሌሊት ጥበቃን የሚያጠብቅ አዲስ ደንብ ታውጇል፡፡ ሆኖም የሌሊት ጥበቃው ግዴታ አስቀድሞም የነበረ ነው፡፡ የጎደለው ደንቡን በየሌሊቱ የሚፈጽም ሰውና መፈጸሙን የሚከታተል ተቆጣጣሪ ነበር፡፡

በአላስካ ጠረፍ ደግሞ ከተፈጥሮ የሚመጣው አደጋ የራሱ ባህርይ አለው፡፡ ፍዮርድ በመባል የሚታወቁት፣ የበረዶ ግግር ቦርቡሮ ያስቀራቸው ረጃጅም ሰላጤዎች በሁለት ወገን በገደል የታጠሩ ናቸው፡፡ ገደሉን ለብዙ ዘመናት ደግፎት የነበረው በረዶ ሲቀልጥ፣ ተራራው ድጋፉን አጥቶ በድንገት ሊናድና ወደ ባህሩ ሊወርድ ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 በሊቱያ ቤይ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት የተናደ ገደል ያስነሳው ውሃ በተቃራኒው ተራራ ላይ እስከ 524 ሜትር ከፍታ ያለውን ደን ጠርጎ ወስዷል፡፡ በዚያ ሌሊት በሰላጤው ከነበሩት ሦስት ጀልባዎች በአንዷ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፡፡ በ2015 በታን ፍዮርድ በደረሰው ተመሳሳይ ናዳ ደግሞ ውሃው 193 ሜትር ወጥቷል፡፡

የቅርቡ ክስተት የደረሰው እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2025 ማለዳ ከጁኖ በስተደቡብ በሚገኘው ትሬሲ አርም ነው፡፡ ሥፍራው የትናንሽም ሆነ የግዙፍ መርከቦች ተወዳጅ መዳረሻ ነበር፡፡ በበረዶ ግግሩ አጠገብ የነበረው ተራራ ተንዶ ወደ ባህሩ ሲወርድ፣ ውሃው በተቃራኒው ገደል ላይ ወደ 480 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ድረስ ወጣ፡፡ ከፍዮርዱ አፍ አጠገብ በምትገኝ ደሴት ላይ ድንኳን ተክለው ያደሩ የካያክ ተጓዦች ከእንቅልፋቸው የነቁት ውሃው ወደ ድንኳናቸው ሲደርስ ነበር፡፡ ንብረታቸው በጎርፉ ቢወሰድም ሕይወታቸው ተርፏል፡፡ በአደጋው የሞተ ሰው አልነበረም፡፡ ይህም የሆነው ናዳው የደረሰው ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መርከቦች ወደ ፍዮርዱ ከመግባታቸው በፊት በመሆኑ ነው፡፡ ጥቂት ሰዓታት ቢዘገይ ኖሮ በበረዶው ግንባር ፊት ለፊት በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሊገኙ ይችሉ ነበር፡፡

ከዚህ በኋላ በርካታ መርከቦች ጉዞአቸውን ወደ ጎረቤቱ ኢንዲኮት አርም አዙረዋል፡፡ የመንግሥት የሥነ ምድር ባለሙያዎችም ክትትላቸውን አላቋረጡም፡፡ በደቡብ ማዕከላዊ አላስካ በሚገኘው ባሪ አርም ላይ የሚናድ ተራራ መኖሩን በ2020 ለሕዝብ ያስጠነቀቁ ሲሆን፣ ተራራው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመሣሪያ ሲጠበቅ ቆይቷል፡፡ ይሁን እንጂ በዚህ ሰፊ ጠረፍ የሚገኙትን ገደሎች በሙሉ በመሣሪያ መከታተል የሚቻል አይደለም፡፡ በመሆኑም የአስጎብኚው ጥንቃቄ ተጨማሪ ክብደት አግኝቷል፡፡ ከሚናደው የበረዶ ግንባር ቢያንስ ሩብ ማይል መራቅ፣ በጠባብ ፍዮርድ ውስጥ በዳርቻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ አለማደር፣ ከገደሉ የድንጋይ መውደቅ ድምፅ ሲሰማ ወይም ውሃው ያለ ምክንያት ሲሸሽ ሳይዘገዩ ወደ ጥልቁና ወደ ሰፊው ባህር መውጣት ወይም ወደ ከፍታ መሸሽ ከዋና ዋናዎቹ ጥንቃቄዎች ናቸው፡፡

የአስጎብኚው ሥልጣን

እነዚህን ጥንቃቄዎች መዘርዘር ቀላል ነው፡፡ አስቸጋሪው በቦታው ላይ መፈጸማቸው ነው፡፡ እንግዶቹ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል፡፡ ከሩቅ ሀገር የመጡትም ወደ ሥፍራው ዳግመኛ የመመለስ ዕድል ላይኖራቸው ይችላል፡፡ በረዶው ሲናድ በቅርብ ለማየት፣ ድቧን ከነግልገሎቿ ፎቶግራፍ ለማንሳት ይጓጓሉ፡፡ በዚህ ሰዓት ጀልባዋን አዙሮ መመለስ በመጀመሪያ ደረጃ ቅሬታን ያስከትላል፡፡ አስጎብኚው ይህን ቅሬታ ችሎ ውሳኔውን ሊያጸና የሚችለው አሠሪው ድርጅት ለውሳኔው ድጋፍ ሲሰጠውና ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ደንቡን ለሁሉም እኩል ሲያስከብር ነው፡፡ ደንብ የሚጥሰው ተወዳዳሪ ወደ በረዶው ይበልጥ ቀርቦ እንግዶቹን እያስደሰተ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ከሆነ፣ ደንብ አክባሪው ውሎ አድሮ ገበያውን ያጣል፡፡ ቁጥጥሩ የላላበት ሥፍራ ጠንቃቃውን እየቀጣ ግዴለሹን ይሸልማል፡፡

የደቡብ ምሥራቅ አላስካ ተሞክሮ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፡፡ በቀን 24 ሰው ብቻ የሚያስተናግድ የድብ መመልከቻም ሆነ በቀን 2 ግዙፍ መርከብ ብቻ የሚያስገባ ሰላጤ በወቅቱ ሊገኝ ይችል የነበረ ገቢን ይቀንስ ይሆናል፡፡ በሌላ በኩል ግን ከብዙ አስርት ዓመታት በኋላም ጎብኝ የሚመጣበት ድብ፣ ዓሣ ነባሪና ደን በሥፍራቸው ይገኛሉ፡፡ የቁጥሩን ልክ የሚወስነው ባለሥልጣን በቢሮው፣ ልኩን የሚያስከብረው አስጎብኚም በጀልባዋ ላይ የሚሠሩት ሥራ የአንድ ሰንሰለት ሁለት ቀለበቶች ናቸው፡፡ በ"ኮንሴፕሽን" ላይ የታየው የዚህ ሰንሰለት መበጠስ ነው፡፡ ማታ ማታ የሙላቱንና የጉድለቱን ሠንጠረዥ ከአዛዡ ጋር የሚያነብ፣ ሌሊት የሚነቃ፣ ጠዋትም ከእንግዶቹ ቀድሞ ዳርቻውን የሚፈትሽ ሰው ባለበት ግን ሰንሰለቱ ጸንቶ ይቆያል፡፡